የዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን አጭር የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1908 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኒው ዚላንድ ተወለዱ። በአውስትራሊያ፥ በሲድኒ ከተማ በማዋለጃ ሆስፒታል ሲሠሩ ከዶክተር ካትሪን ኒኮልሰን ጋር ተዋወቁና በ1950 ተጋቡ። ከዓመታት በኋላ፥ በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም ሐኪም እንደሚፈለግ የሚገልጽ ማስታወቂያ አነበቡ። በ1959 ልጃቸውን ይዘው መጡ።

እዚህም ፌስቱላ የሚባለውን ሕመም አገኙ። ምጥ ለቀናት ሲራዘምና ሐኪም ሳይገኝ ሲቀር፥ የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ፊኛ ተጭኖ ደም እንዳይደርሰው ያደርጋል፤ ሥጋው ይሞትና ይቀደዳል፤ ሽንትም ሳያቋርጥ ይፈሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል። እናቲቱ በመዝገብ ብትጻፍ ከሞት ከተረፉት ጋር ትቈጠራለች፤ በመንደሯ ግን ብዙ ጊዜ ባል ይሸሻታል፤ ጎረቤትም ይርቃታል።

ባልና ሚስቱ ቀድመው የሠሩትን ሐኪሞች ጽሑፍ እያጠኑ ቀዶ ሕክምናውን ተማሩ፤ አሻሻሉትም። በ1974 ለዚሁ ሕመም ብቻ የሚያገለግል ሆስፒታል አቋቋሙ። ሕክምናው ያለ ክፍያ ነበር፤ ድና ወደ አገሯ የምትመለስ ሴትም አዲስ ቀሚስ ለብሳ ትሸኝ ነበር። ታክመው እዚያው ከቀሩት አንዷ ማሚቱ ጋሼ፥ ማንበብና መጻፍ ሳይማሩ ቀዶ ሕክምናውን ለምደው፥ በኋላ ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደረሱ። ዶክተር ሐምሊን በ1993 በአዲስ አበባ ዐረፉ፤ ባለቤታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው፥ እስከ 2020፥ እዚሁ ቈዩ።

ዛሬ ሊቃውንት የሰውን ጤና ሲመዝኑ ሞተ ወይስ ዳነ ብለው ብቻ አያበቁም። ስለ አምስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ስለ መራመድ፥ ራስን ስለ መንከባከብ፥ ስለ ዕለት ሥራ፥ ስለ ሕመም፥ ስለ ጭንቀት። ሙሉ ጤና 1፥ ሞት 0 ተብሎ መልሱ በቍጥር ይተረጐማል። ከበሽተኞች ሌላ ተራው ሕዝብም ተጠይቆ፥ ለኢትዮጵያውያን የሚስማማ ስሌት በ2020 ታትሟል።

ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከአምስቱ አንዱም፥ ጎረቤት ቡና ይጠራሻል ወይ ብሎ አይጠይቅም። የአገራችን ሰው ደግሞ ታሞም ቢሆን፥ እንደምን ነህ ሲባል ይመስገን ማለት ልማዱ ነው። ስለዚህ እኛ የቦሌ ተማሪዎች፥ ነገ ሐኪም ወይም የቍጥር ዐዋቂ ብንሆን፥ ይመስገን ከተባለ በኋላ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅን ከዶክተር ሐምሊን ሕይወት እንማር።