ሂካ፦ ስማቸው ሥራቸው የሆነ ሰው

በከኒሳ ቀሴ በተከራየነው ክፍል አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቶ ኮምፓይለር እየጻፈ ነው። ቋንቋዋ ፒኤል ዜሮ ትባላለች፤ የስዊሱ ፕሮፌሰር ኒክላውስ ቪርት በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ ለማስተማሪያ ያቀረቧት ትንሽዬ ቋንቋ ናት። (ዘመናቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እኔ የጋዜጠኝነት ተማሪ ምን አገባኝ ብዬ ነበር። ሲያስረዳኝ ግን ነገሩ ትርጉም ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ ጽሑፉን ቃል በቃል መለየት፣ ቀጥሎ ሰዋስዉን ማየት፣ በመጨረሻም ማሽኑ ወደሚገባው ትእዛዝ መለወጥ ነው። ያኔ የከተማችን ባለታሪክ ትዝ አሉኝ።

ኦኔሲሞስ ነሲብ የተወለዱት በ1850ዎቹ አጋማሽ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። በልጅነታቸው ባሪያ ፈንጋዮች ከእናታቸው ነጥቀው ሸጧቸው። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ቆይተው በ1870 ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጧቸው። እዚያው በስዊድን ሚስዮን ተማሩ፤ ኋላም ስዊድን ድረስ ሄደው ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ሲነሱ ግን ችግር ገጠማቸው። ከአገራቸው የወጡት በልጅነት ነውና ቃል አጠራቸው። እዚህ ላይ አስቴር ጋኖ ደረሱላቸው። አስቴርም ከባርነት የተረፉ ናቸው፤ የኦሮምኛ ቃላትን፣ ተረትና ምሳሌን፣ እንቆቅልሽን እያሰባሰቡ ጻፉ። በዚህ መልክ አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ደግሞ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ኦኔሲሞስ በ1904 ወለጋ ገቡ፤ መጀመሪያ ቦጂ፣ ቀጥሎ ነቀምቴ ሲያስተምሩ ኖረው በ1931 እዚሁ አረፉ።

የጓደኛዬ ኮምፓይለር ቀድሞ ያልተዋወቀው ስም ሲገጥመው ስህተት ብሎ ይቆማል። እኔ ግን ባለፈው ሴሚስተር ለቃለ ምልልስ ያነጋገርኳቸው አባት የተናገሩት አንድ የኦሮምኛ ቃል ሳይገባኝ ቀርቶ፣ መጠየቅ አፍሬ በመሰለኝ አማርኛ ተክቼ ጽሑፉን አስረከብኩ። ማንም አላወቀብኝም። ማሽኑ እንኳ ከእኔ ይሻላል ማለት ነው፤ ቢያንስ አይዋሽም። ኦኔሲሞስ ደግሞ ከማሽኑም ይበልጣሉ፤ ቃል ሲያጥራቸው አልገመቱም፣ አልቆሙም፣ የሚያውቅ ሰው ፈለጉ እንጂ።

እኔም ቅዳሜ ወደ እኚያ አባት ቤት ተመልሼ ልጠይቃቸው ነው።