ልጅን አምኖ መስጠት፦ እቴጌ መነንና የሴቶች ትምህርት ቤታቸው

የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር አፉላ ኢሊት ውስጥ ሴት ልጅ ባለችበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገባል። ስድስተኛ ወይም ስምንተኛ ክፍል የምትጨርሰው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት የት ትግባ? ኡልፓና ይሻላል ወይስ ወንዱም ሴቱም አብሮ የሚማርበት? ከቤት እየተመላለሰች ትማር ወይስ ፕኒሚያ ትግባ? ቡና ላይ ይወራል፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይወራል። ጎረቤት የራሷን ልጅ ታሪክ ታመጣለች፤ አጎት ከሌላ ከተማ ስልክ ይደውላል። ልጅቷ ራሷ ግን ብዙ ጊዜ የምታስበው ጓደኛዋ የት እንደምትገባ ነው።

እኔም በዚህ አልፌያለሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር አንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ዮም ፓቱዋኽ ሄድን። አዳራሹ ሞቅ ያለ ነበር፤ ልጆች ዘፈኑ፣ ኬክ ቀረበ። በመጨረሻ ታካኖን የሚሉትን የሕግ ወረቀት ሰጡንና እናቴ እንድትፈርም ተጠየቀች። ምን እንደሚል ስትጠይቀኝ የተረጎምኩላት የወደድኩትን ብቻ ነበር። ስለ ስልክ፣ ስለ ቀሚስ ርዝመት፣ ሳይነግሩ ስለ መቅረት የሚለውን ሁሉ ዘለልኩት። እናቴ እኔን አምና ፈረመች። ከሁለት ወር በኋላ አንዱን ሕግ በመጣሴ ተጠራች፤ ሰምታው በማታውቀው ሕግ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀች። ያ ቀን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ዘንድሮ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርቴ ላይ፣ ለሌሎች ደኅንነት ስለሠራች አንዲት ሴት ሕይወት ጻፉ ተባልን። እኔ እቴጌ መነንን መረጥኩ። ስማቸውን ከአያቴ አፍ እሰማው ነበር እንጂ የሴቶች ትምህርት ቤት የከፈቱ መሆናቸውን በቅጡ አላውቅም ነበር። ሕይወታቸውን ሳነብ ያ የፈረምነው ወረቀት ደጋግሞ ትዝ አለኝ። ስለዚህ ለእናንተም ልተርከው።

መነን አስፋው የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1891 በወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ነው። አባታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው ወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ናቸው። ወይዘሮ ስኂን የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጅ ስለሆኑ፣ ልጅ ኢያሱ ለመነን አጎት ይሆኗቸዋል። ይህን ያህል ትልቅ ቤት ነው የተወለዱት። ግን በዚያ ዘመን የትልቅ ሰው ልጅ መሆን ለሴት ልጅ ነፃነት አልነበረም። እንዲያውም ትዳሯ የሁለት ቤት ስምምነት ማሰሪያ ስለነበር፣ ከገበሬ ልጅ ይልቅ የእርሷ ነገር ቶሎ ይቆረጥ ነበር።

መነንንም ገና ልጅ ሳሉ ዳሯቸው። ያ ትዳር ፈረሰ፤ ቤተሰብ ሌላ መረጠላቸው። እ.ኤ.አ. በ1911 በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉትን ተፈሪ መኰንንን ሲያገቡ ሃያ ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ግን ከዚያ በፊት ከአንድ በላይ ትዳር አይተው፣ ልጆችም ወልደው ነበር። ከተፈሪ ጋር ስድስት ልጆች አፈሩ፤ ተናኘወርቅ፣ አስፋ ወሰን፣ ዘነበወርቅ፣ ፀሐይ፣ መኰንንና ሣህለ ሥላሴ። ይህ ትዳር እስከ ሞታቸው ድረስ ሃምሳ ዓመት ጸና።

ኅዳር 2 ቀን 1930 አዲስ አበባ ላይ ንግሥ ሆነ። ቀድሞ የንጉሥ ሚስት ዘውድ የምትጭነው ባሏ ከነገሠ በኋላ፣ በሌላ ቀን ነበር። መነን ግን ከባለቤታቸው ጋር በአንድ ቀን ዘውድ ጫኑ። በአደባባይ ፖለቲካ ውስጥ ገብተው የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። ሥራቸው በሌላ በኩል ወጣ፤ ከንግሡ በኋላ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1931፣ በስማቸው የሚጠራው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ።

ይህ ምን ያህል አዲስ ነገር እንደነበር ለመረዳት ወደኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1908 ነው፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1925። ሁለቱም ለወንዶች ነበሩ። በዚያው ዘመን የእኛው ታምራት አማኑኤል ከዶክተር ፋይትሎቪች ጋር በመሆን አዲስ አበባ ላይ የቤተ እስራኤል ልጆች የሚያድሩበት ትምህርት ቤት ይመሩ ነበር፤ ከጎንደር አካባቢ ተጉዘው የመጡት ተማሪዎችም ባብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ሴት ልጅ የምትማረው ቤት ውስጥ ነው፤ ፈትል፣ እንጀራ፣ ልጅ መያዝ። ፊደል ከቆጠረችም ቤት ድረስ በመጣ አስተማሪ ነው።

የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተመላላሽም አዳሪም ተማሪዎች ነበሩት። ልጃገረዶች ከየክፍለ ሀገሩ ይመጡ ነበር። ከቀለም ትምህርቱ ጋር የቤት አያያዝና የእጅ ሥራም ይማሩ ነበር። ዛሬ ይህን ስናነብ እንደገና ወደ ወጥ ቤት መመለስ ሊመስለን ይችላል። እኔ ግን ወላጆቹን አሰብኩ። ከወሎ ወይም ከሐረር ልጁን አዲስ አበባ የሚልክ አባት ምን ይፈራል? ልጄ ትጠለፋለች፣ ስሟ ይጠፋል፣ ለትዳር ሳትሆን ትቀራለች፣ ባህሏን ትረሳለች ብሎ ይፈራል። ስፌትና ወጥ መማሯ ለዚያ አባት ልጁ ከቤቷ እንዳልወጣች መናገሪያ ነበር። በሩ ላይ ያለው የእቴጌዪቱ ስም ደግሞ ከሁሉ የበለጠ መተማመኛ ነው። መነን ስማቸውን ሰጥተው ብቻ አልተቀመጡም፤ ትምህርት ቤቱን ደጋግመው ይጎበኙ፣ በምረቃው ቀንም ይገኙ ነበር። ቤተሰብ ልጁን የሚሰጠው ለሕንፃ አይደለም፤ ኃላፊነት ለሚወስድ ሰው ነው።

ይህን ስል እቴጌዪቱን ያለ ጉድለት ለማሳየት አይደለም። ትምህርት ቤቱ በተከፈተ በዓመቱ፣ የራሳቸው ልጅ ዘነበወርቅ ገና በአሥራዎቹ እድሜ ሳለች ለፖለቲካ ዝምድና ሲባል ለትግራዩ መኰንን ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተዳረች። ብዙም ሳትቆይ እዚያው በወጣትነቷ ሞተች። የሌሎችን ሴት ልጆች ያስጠለለ ግቢ የሠራች እናት፣ በራሷ ቤት ያንን ልማድ አላስቆመችም፤ ወይም ማስቆም አልቻለችም። እኛም በማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ደጋግመን የምናየው ነገር ነው። ሰው አዲስ በር እየከፈተም አሮጌው ቤት ውስጥ ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ1935 ጦርነቱ ቀረበ። በዚያ ዓመት እቴጌ መነን የበላይ ጠባቂ የሆኑለት የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቋመ፤ በሬዲዮም ለዓለም ሴቶች ስለ ሰላም ንግግር አደረጉ። በጥቅምት ኢጣሊያ ወረረች። ግንቦት 1936 ላይ ንጉሣዊው ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሐይፋ ተሳፈረ። አዎ፣ ከእኛ ከአፉላ በባቡር በአንድ ሰዓት ውስጥ የምንደርስባት ሐይፋ። ከሐይፋ ኢየሩሳሌም ገቡ። ንጉሡ ወደ እንግሊዝ ሲያልፉ መነን ለጊዜው ኢየሩሳሌም ቀሩ፤ በስደቱ ዓመታትም በዚህ አገር ቅዱሳት ቦታዎች እየተዘዋወሩ ለአገራቸው ይጸልዩ ነበር። አገራቸው ነፃ ከወጣች ዘውዳቸውን ለቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ሊሰጡ ተሳሉ።

በዚያው ስደት ልጃቸው ፀሐይ ለንደን ውስጥ በታወቀው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ ሕፃን አልጋ ስታነጥፍ፣ በሆስፒታሉ ደወል ስትነሣና ስትተኛ አስቡት። መነን ይህችን ልጃቸውን ለእንግዳ አገር ሰዎች ሕግ አምነው የሰጡ እናት ሆኑ። በ1941 ቤተሰቡ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ዘውዱም እንደ ስለቱ ወደ ቤተልሔም ተላከ። ፀሐይ ግን በዓመቱ፣ በ1942፣ በወሊድ ምክንያት ሞተች። አዲስ አበባ ላይ በስሟ ሆስፒታል ተሠራ።

በወረራው የተቋረጠው የሴቶች ትምህርት ቤት እንደገና ተከፈተ። በኋላም የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ሆኑ። ስንዱ ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በወረራው ጊዜ ከአርበኞች ጋር የተሰለፉ፣ ተይዘውም ኢጣሊያ ውስጥ አሲናራ ደሴት የታሰሩ ሴት ናቸው። ተማሪዎቻቸውን ቴአትር ያሠሩ ነበር። በ1957 ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ለተማሪዎቹ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ሕግ የምታወጣላቸው ሴት ቋንቋቸውን የምታውቅ፣ እናታቸውን ስታነጋግር አስተርጓሚ የማያስፈልጋት ሆነች።

ይህ ሁሉ ሲሆን የእኛ አያቶች ጎንደር ገጠር ነበሩ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በር ለእነርሱ ሩቅ ነበር፤ አያቴ ስሙን እንጂ ግቢውን አላየችም። በ1955 እና በ1956 ግን ጥቂት የቤተ እስራኤል ወጣቶች ወደ እስራኤል መጥተው ክፋር ባትያ ገቡ፤ እርሱም አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ከመቅደላ ተራራ አገር የመነጨው የመነን ታሪክና የእኛ ታሪክ የሚገናኙት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል የመጡትም ወላጆቻችን፣ ገና ቋንቋውን ሳያውቁ አብዛኞቹን ልጆቻቸውን ለፕኒሚያ ሰጡ። አምነው ሰጡ፤ ሕጉን ግን ያስረዳቸው ሰው ጥቂት ነበር።

እቴጌ መነን የካቲት 1962 አርፈው አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቱ የካቲት 12 ተባለ፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የእቴጌዪቱ ስም ተመልሶለታል። ስም ወጣ፣ ስም ገባ፤ ልጃገረዶች ግን ተማሩበት።

ታዲያ አፉላ ኢሊት ላይ ልጅ የምታስመዘግብ እናት ከዚህ ሕይወት ምን ትውሰድ? እኔ የወሰድኩት ይህን ነው፦ የትምህርት ቤት ሕግ ቤተሰብና ትምህርት ቤት የሚገቡት ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳን ደግሞ ሁለቱም ወገን ካልገባቸው ቃል ኪዳን አይሆንም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ታካኖኑን ልጅቷ ሳትሆን ሌላ አዋቂ ሰው ይተርጉምላችሁ። ይህን የምለው በራሴ ጥፋት ነው። ትምህርት ቤቱን አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከዚያ ጠይቁ። ስለ ልብስ፦ ቀሚሱ ምን ያህል ይርዘም፣ ከግቢ ውጭስ ሕጉ ይሠራል? ስለ ስልክ፦ ከተወሰደ መቼ ይመለሳል፣ ልጄን በአስቸኳይ ብፈልጋት ለማን ልደውል? ፕኒሚያ ከሆነ፦ በሩ በስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ሰንበትን በስንት ሳምንት አንዴ ቤት ታሳልፋለች፣ ማታ ብትታመም ከጎኗ ማን አለ? ሕግ ብትጥስ መጀመሪያ ምን ይደረጋል፣ ከመባረሯ በፊት ስንት ጊዜ እንጠራለን?

ስለ ትምህርቱም እንዲሁ። ባግሩት ላይ በሒሳብና በእንግሊዝኛ 5 ዩኒት የሚማሩ ልጆች አሉ ወይ፣ የእኛ ልጆችስ በውስጣቸው አሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ልጄን ዝቅ ያለው ቡድን ውስጥ ብታስገቧት መውጫው እንዴት ነው በሉ። በአሥራ አምስት ዓመቷ 3 ዩኒት ላይ የቀረች ልጅ ይህ ምን እንደሚዘጋባት የምታውቀው ዩኒቨርሲቲ ስታመለክት ነው፤ ያኔ ማስተካከያው ረጅም መንገድ ነው። ጥሩ ምግባር ያለው ግቢ ሁሉ ጥሩ ትምህርት አለው ማለት አይደለም፤ ጥሩ ውጤት ያለውም ሁሉ ልጅን በደንብ ይይዛል ማለት አይደለም። ሁለቱንም መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስታችን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የሁለት ትምህርት ቤቶችን ታካኖን መስመር በመስመር አነበብን። እኔ ተረጎምኩ፤ በዚህ ጊዜ ምንም አልዘለልኩም። እናቴ ስለ በሩና ስለ ማታው ሰዓት ጠየቀች። እህቴ ስለ ስልኩ ተከራከረች፤ አንዱን ሕግ ተቀበለች፣ አንዱን ግን ምክንያቱን ካልነገሩኝ አልገባም አለች። እናቴ ያንን ጥያቄ በእስክሪብቶ ወረቀቱ ጫፍ ላይ እንድጽፍላት አዘዘችኝ። የትኛው እንደሚሆን ገና አልወሰንንም። ለዮም ፓቱዋኹ ግን ወረቀቱን ይዛ ትሄዳለች።