አባ ዦርዥ ለሜትር፦ ሁለቱን መንገዶች ሳያደባልቁ የተጓዙ ካህን

ከየቁምስናችን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚሄዱ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ይዘው ሲመለሱ ብዙ ጊዜ እናያለን። ሳይንስ ስለ ጽንፈ ዓለም አጀማመር የሚያስተምረው ትምህርት በትምህርተ ክርስቶስ ከተማርነው ጋር እንዴት ይስማማል? የሚል ነው። አንዳንዶቹ ከሁለቱ አንዱን መተው ግድ ይመስላቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ሳይንስ ሃይማኖታችንን አረጋገጠልን ብለው ለመደሰት ይቸኩላሉ። ለሁለቱም ወገኖች ይበጃል ብለን ስላመንን፣ ይህንኑ ንድፈ ሐሳብ ለዓለም ያቀረቡትን ቤልጅየማዊ ካህን የአባ ዦርዥ ለሜትርን ሕይወት በዚህ ዕትማችን ባጭሩ እንተርካለን። ዘመናቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አባ ለሜትር በጁላይ 17 ቀን 1894 ሻርለሯ በተባለች የቤልጅየም ከተማ ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ከአራት ወንዶች ልጆች የመጀመሪያው ነበሩ። የመጀመሪያ ትምህርታቸውን ከኢየሱሳውያን አባቶች ዘንድ ተማሩ። ክህነትንም ሳይንስንም ገና በልጅነታቸው ተመኙ። የአባታቸው የመስታወት ፋብሪካ በእሳት ከጠፋ በኋላ ቤተሰቡ በ1910 ወደ ብራስልስ ተዛወረ፤ እርሳቸውም በ1911 በሉቨን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ጀመሩ።

በ1914 ጀርመን ቤልጅየምን ስትወር፣ ወጣቱ ተማሪ ትምህርቱን ትተው በፈቃዳቸው ዘመቱ። አራቱን የጦርነት ዓመታት በግንባር አሳለፉ፤ በመድፈኛ ክፍልም አገለገሉ፤ የጦር ሜዳ ኒሻንም ተሸለሙ። በምሽግ ውስጥ ሳሉ እንኳ የፊዚክስ መጻሕፍትን ማንበብ አልተዉም። ከጦርነቱ ሲመለሱ ግን ምሕንድስናውን ትተው ወደ ሒሳብና ወደ ፊዚክስ አዘነበሉ። በ1920 በሒሳብ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀብለው በዚያው ዓመት መኽለን በሚገኘው የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ገቡ። በሴፕቴምበር 22 ቀን 1923 ከብፁዕ ካርዲናል መርሲዬ እጅ ማዕረገ ክህነትን ተቀበሉ።

በአለቆቻቸው ፈቃድ ወዲያው ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው፣ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከታዋቂው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከኤዲንግተን ዘንድ አንድ ዓመት ተማሩ። በቀጣዩም ዓመት በአሜሪካ በሃርቫርድ የሥነ ፈለክ መመልከቻ ሠሩ። በዚያ ዘመን ጋላክሲ የሚባሉት የሩቅ የከዋክብት ክምችቶች ብርሃናቸው ወደ ቀይ ቀለም አዘንብሎ ይታይ ነበር። ይህም ከእኛ እየራቁ እንደሚሄዱ የሚያመለክት ቢሆንም፣ ምክንያቱን በቅጡ የተረዳ አልነበረም።

አባ ለሜትር በ1925 ወደ ሉቨን ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ። በ1927 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ምስጢር መፍቻ አቀረቡ። አልበርት አንስታይን በ1915 የደረሱበትን አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ መሠረት አድርገው፣ ጋላክሲዎቹ የሚራራቁት ኅዋው ራሱ ስለሚሰፋ መሆኑን አስረዱ። በድፎ ዳቦ ሊጥ ውስጥ ያሉ የጥቁር አዝሙድ ፍሬዎች፣ ሊጡ ኩፍ ባለ ቁጥር እርስ በርሳቸው እንደሚራራቁ ያለ ነገር ነው። እጅግ የተራራቁት ፍሬዎች ይበልጥ በፍጥነት ይለያያሉ። አባ ለሜትር ይህን የፍጥነትና የርቀት ዝምድና በቁጥር ጭምር አሰሉ። ሆኖም ጥናቱ በፈረንሳይኛ፣ ያውም ጥቂቶች ብቻ በሚያነቡት መጽሔት ስለ ወጣ የተመለከተው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት በብራስልስ ያገኟቸው አንስታይንም፣ ሒሳቡ ስሕተት ባይኖርበትም የፊዚክስ ሐሳቡን ፈጽሞ እንደማይቀበሉት ነገሯቸው።

በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ሀብል ይህንኑ ዝምድና በምልከታ አሳዩ፤ ሕጉም በእርሳቸው ስም ተጠራ። የአባ ለሜትር ጥናት በ1931 ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም ግን ቁጥሩ የተሰላበት ክፍል ሳይገባ ቀረ። ብዙዎች የሌላ ሰው ተንኮል ነው ብለው ጠረጠሩ። በ2011 ይፋ የሆነ ደብዳቤ እንዳስረዳው ግን፣ ክፍሉን ያወጡት አባ ለሜትር ራሳቸው ነበሩ፤ የተሻለ መረጃ ከተገኘ በኋላ አሮጌውን ቁጥር መድገም አስፈላጊ ሆኖ አልታያቸውም። ለክብራቸው ያልተከራከሩት ካህን ስማቸው ከሀብል ስም ጋር እንዲጠራ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት የወሰነው በ2018 ነው።

በ1931 አባ ለሜትር ሌላ እርምጃ ተራመዱ። ጽንፈ ዓለም እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ፣ ወደ ኋላ ሲታሰብ እጅግ ከታመቀ ነገር መነሣት አለበት በማለት የቀዳማዊ አቶምን ሐሳብ አቀረቡ። ይህን ሐሳብ የቀድሞ መምህራቸው ኤዲንግተን እንኳ አልወደዱትም። አንዳንዶችም ካህኑ ኦሪት ዘፍጥረትን በሳይንስ ልብስ አልብሰው አመጡ ብለው ጠረጠሯቸው። ዛሬ የምንጠቀምበትን የታላቁ ፍንዳታ ስም ያወጡለት፣ በ1949 በራዲዮ የተናገሩት የንድፈ ሐሳቡ ተቃዋሚ ፍሬድ ሆይል ናቸው።

ታላቁ ፈተና ግን ከተቃዋሚ ሳይሆን ከወዳጅ በኩል መጣ። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ በኖቬምበር 1951 ለጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ ባደረጉት ንግግር፣ አዲሱ ሳይንስ ስለ ፈጣሪ ሥራ የሚመሰክር መሆኑን በደስታ ገለጹ። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራው ከቅዱስ አባታችን አንደበት በመወደሱ ይኮራ ነበር። አባ ለሜትር ግን ተጨነቁ። ንድፈ ሐሳብ ነገ ሊታረም ወይም ሊወድቅ የሚችል ነገር ስለሆነ፣ እምነት በእርሱ ላይ ከተደገፈ አብሮ ይናወጣል ብለው ሠጉ። ሥጋታቸውንም በአክብሮት ለቅዱስ አባታችን አማካሪዎች አሳወቁ። ፒዮስ 12ኛ በ1952 በሮም ለተሰበሰቡ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሲናገሩ ያንን አሳብ አልደገሙትም።

ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። አባ ለሜትር ራሳቸው ከኅዋ ወደ ምድር የሚወርዱት የኮስሚክ ጨረሮች የጥንቱ አጀማመር ቅሪቶች ናቸው ብለው ገምተው ነበር፤ ይህ ግምት ትክክል ሆኖ አልተገኘም። ቤተ ክርስቲያናችንም ከቅዱስ ቶማስ አኲናስ ዘመን አንሥቶ የተማረችው ይህንኑ ነው። መፈጠር ማለት በጥንት ጊዜ የሆነ አንድ ድርጊት ብቻ ሳይሆን፣ ያለው ሁሉ በየቅጽበቱ ህልውናውን ከእግዚአብሔር መቀበሉ ነው። ይህን ደግሞ መነጽር አያየውም፣ ቀመርም አይለካውም።

እኒህ ሊቅ ክህነታቸውን ለምርምራቸው ብለው ችላ ያሉ አልነበሩም። በካርዲናል መርሲዬ የተመሠረተው የኢየሱስ ወዳጆች የተባለው የካህናት ማኅበር አባል ሆነው፣ በማኅበሩ ደንብ መሠረት የጸሎት ሕይወታቸውን ጠብቀው ኖሩ። በሉቨን ለሚማሩ ቻይናውያን ወጣቶችም አባት ሆኑላቸው። ከ1936 ጀምሮ የጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ነበሩ፤ ከ1960 እስከ ዕለተ ሞታቸውም በፕሬዚዳንትነት መሩት።

በ1965 አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን ከሰማይ አቅጣጫ ሁሉ እኩል የሚመጣ ደካማ ጨረር ማግኘታቸው ተገለጠ። ይህም የጥንቱ የጋለ ዘመን ትዝታ ሆኖ ተገኘ። በሕመም አልጋ ላይ የነበሩት አባ ለሜትር ይህን ዜና ሰምተው፣ በጁን 20 ቀን 1966 በሉቨን ከተማ በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። ዛሬ ሊቃውንት የጽንፈ ዓለምን ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ያህል ብለው ይቆጥራሉ።

እንግዲህ ለጥያቄው መልስ የምንፈልግ ሁላችን ከእኒህ ካህን የምንማረው አለ። ወጣቶቻችን ቤተ ሙከራ ሲገቡ እምነታቸውን በር ላይ ጥለው እንዲገቡ አንጠይቃቸው፤ ለእምነታቸውም ማስረጃ ከዚያ ይዘው እንዲመጡ አናስገድዳቸው። እውነትን በቅንነት የሚፈልግ ሰው እግዚአብሔርን አይሸሽም፤ በእግዚአብሔር የሚታመንም እውነትን አይፈራም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ልብ እንዲሉ እያሳሰብን፣ ለአባ ዦርዥ ለሜትር ዘላለማዊ ዕረፍትን እንመኛለን።