ዳግማዊ ምኒልክና ያልተነጻጸሩት ሁለት ጽሑፎች

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ስለ ደፉት ስለ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ብዙ ተጽፏል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍን ሙያችን ላደረግን ሰዎች ግን ከሕይወታቸው ይበልጥ የሚያስተምረን አንድ የሰነድ ጉዳይ ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ገና በልጅነታቸው በአፄ ቴዎድሮስ ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ።

አፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር በውጫሌ የተፈረመው ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ ተጽፎ ነበር። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ አማካይነት መጻጻፍ እንደሚችሉ ሲናገር፣ ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። እያንዳንዱ ጽሑፍ ለብቻው ቢነበብ እንከን አይገኝበትም። ከሁሉ የሚያስገርመው 19ኛው አንቀጽ ነው፤ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም እንደሚስማሙ ያረጋግጣል። ማነጻጸሩ ሳይፈጸም፣ ተነጻጽሯል የሚል ምልክት ተመዘገበ ማለት ነው። ስሕተት ነበር ወይስ ተንኮል የሚለውን ለታሪክ ጸሐፊዎች እተዋለሁ፤ ለመርማሪ ፕሮግራም ሁለቱም አንድ ናቸው።

ጉዳቱ የተገለጠው ዘግይቶ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1882 ዘውድ መድፋታቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ሲያስታውቁ፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን የመጣው መልስ ጉዳያቸው በኢጣሊያ በኩል መቅረብ እንደሚገባው የሚያመለክት ሆነ። በመስከረም 1883 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው ልዩነቱን አስረዱ፤ መፍትሔ ባለመገኘቱ በየካቲት 1885 ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ። ክርክሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ በደም ተፈጸመ፤ በጥቅምት 1889 በአዲስ አበባ የተፈረመው ውልም የውጫሌን ሰረዘ።

በምንሠራባቸው የፕሮግራም ቋንቋዎች የሚገኙት የመረጃ ማረጋገጫ ፋንክሽኖች በአብዛኛው አንዱን መረጃ ለብቻው የሚመረምሩ ናቸው፤ ቁጥር መሆኑን፣ ርዝመቱ ልክ መሆኑን ያያሉ። በእነዚህ ዓይን ሁለቱም የውጫሌ ጽሑፎች ያልፉ ነበር። እኔ የማቀርበው ሐሳብ፣ አንድ ናቸው የተባሉ ሁለት መረጃዎችን ጎን ለጎን ተቀብሎ፣ ካልተስማሙ ሁለቱንም ወደ መዝገብ ሳያስገባ የሚመልስ ፋንክሽን በቋንቋው ውስጥ እንዲጨመር ነው። የትኛው ሐሰት እንደሆነ መፍረድ ግን የሰው እንጂ የፋንክሽኑ ሥራ አይሁን።

መጀመሪያ የሚፈተነው በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር በተሞላ የትውልድ ቀን ቢሆን እመርጣለሁ፤ ሥራው ከሚመስለው ይከብዳልና። የምኒልክ ልደት በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 17 ቀን 1844 ነበር። በዛሬው ስሌት ግን ነሐሴ 12 የሚውለው ኦገስት 18 ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የ1900 ፌብሩዋሪ 29ኛ ቀን ስላልነበረው ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፍቷልና። ይህን የማያውቅ ፋንክሽን ትክክለኛውን ሰነድ ይጥላል። ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉበት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ግን በዛሬው ስሌት ከዲሴምበር 12 ቀን 1913 ጋር በትክክል ይገጥማል።