የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ማይክል ፋራዴይ

ማይክል ፋራዴይ የተወለደው በ1791 ዓ.ም. ለንደን አጠገብ በኒውንግተን ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባቱ ጤና ያጣ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በእኛም አገር የቀጥቃጭ ልጅ እንዴት ይታይ እንደ ነበር ወላጆቻችን ያውቁታልና ብዙ አልልም። ልጁ ከንባብ፣ ከጽሕፈትና ከጥቂት ሒሳብ በቀር ሳይማር ወደ አንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ለመልመድ ገባ። እዚያም የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ጀመር፤ ስለ ኤሌክትሪክ ያነበበው ለጥረዛ ከመጣ ኢንሳይክሎፒዲያ ነው።

በ1812 ታዋቂው ኬሚስት ሐምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን ሲያስተምር ሄዶ ሰማ። የሰማውን ሁሉ ገልብጦ፣ ሥዕል ጨምሮ፣ በገዛ እጁ ጠርዞ ላከለት። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቤት ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ከዴቪ ጋር አውሮፓን ሲዞር የዴቪ ሚስት እንደ አሽከር ትቆጥረው ነበር። እኔ ብሆን ኖሮ ከመንገድ የምመለስ ይመስለኛል፤ እርሱ ግን ታግሦ ተማረ።

በሽቦ የሚሄድ ኤሌክትሪክ የማግኔት መርፌን እንደሚያንቀሳቅስ ኧርስቴድ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በ1820 አሳይቶ ነበር። ፋራዴይ ነገሩን ገልብጦ፣ ከማግኔት ኤሌክትሪክ ማግኘት ይቻል እንደ ሆነ ጠየቀ። ለዓመታት እየደጋገመ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ኦገስት 29 ቀን 1831 ግን በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦ ለየብቻ ጠምጥሞ፣ አንዱን ከባትሪ ጋር ባገናኘ ጊዜ በሌላው በኩል ያለው መርፌ ዘለል ብሎ ተመለሰ። ባትሪውን ሲያላቅቀው ደግሞ መርፌው በተቃራኒው ዘለለ። በኦክቶበርም ማግኔት በጥቅል ሽቦ ውስጥ ሲያስገባና ሲያወጣ ያንኑ አየ። ማግኔቱ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ምንም የለም፤ ኤሌክትሪክ የሚወለደው ነገሩ ሲለዋወጥ ብቻ ነው።

ይህን በእጄ ዳስሼ የተረዳሁት ዘንድሮ የሙዚቃ ክበባችንን የኤሌክትሪክ ጊታር ስንጠግን ነው። ጊታሩ ሁለት ፒክአፕ አለው፤ መኪናውን ማለቴ አይደለም። ፒክአፕ ማለት ከጸጉር የቀጠነ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። ከላዩ ያለው የብረት ክር ሲርገበገብ ማግኔታዊው ኃይል ይለዋወጣል፤ በሽቦውም ኤሌክትሪክ ይነሣል። ጆርጅ ቢቸም የተባለ አሜሪካዊ በዚህ ዘዴ የሚሠራ ጊታር በሎስ አንጀለስ የሠራው በ1931፣ ልክ በመቶ ዓመቱ ነው።

ከሁለቱ የአንደኛው ሽቦ ውስጥ ውስጡን ተበጥሶ ነበር። አዲስ ጊታር ለመግዛት የክበቡ ገንዘብ አይበቃም፤ የወላጆች ቀን ደግሞ ደርሷል። ስለዚህ ፒክአፑን ብቻ ገዛን። በቴስተር ስንለካው ወደ 6 ሺህ ኦም አሳየ፤ ደኅና ነው። ከሚወጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ፣ ከግራውንዱ ጋር ይበየዳል፤ ሌላው ወደ መምረጫው ማብሪያ ይሄዳል። ግን የትኛው ወዴት? የሽቦዎቹ ቀለም ከአሮጌው ጋር አይመሳሰልም።

እዚህ ላይ መምህራችን ፋራዴይ ሆነ። ባለ መርፌውን ቴስተር ከሽቦዎቹ አገናኝተን፣ ካቻቢቴ ማግኔቱ ላይ አስነክተን በፍጥነት አነሣን። በደኅናው ፒክአፕ መርፌው ወደ ቀኝ ዘለለ፤ በአዲሱ ወደ ግራ። እንዲሁ በይደነው ቢሆን ሁለቱ አብረው ሲሠሩ እርስ በርስ እየተሻሩ ቀጭን፣ ጎርናናነት የሌለው ድምፅ ይሰጡ ነበር። ሁለቱን ሽቦዎች አለዋውጠን በየድን። የወላጆች ቀን የተገኛችሁ ድምፁን ሰምታችኋል።

ፋራዴይ ከፍተኛ ሒሳብ አያውቅም ነበር፤ ሐሳቡን በሒሳብ የጻፈው ከእርሱ በኋላ የመጣው ማክስዌል ነው። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንትነት ሁለት ጊዜ ቢቀርብለት እምቢ አለ፤ የሰር ማዕረግም አልተቀበለም። ኦገስት 25 ቀን 1867 ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠችው የሃምፕተን ኮርት ቤት አረፈ፤ በለንደንም በሃይጌት መካነ መቃብር ተቀበረ።