ፍራንሲስኮ ጎያ፦ ከተዘጋ ክፍል እስከ ፖስታ ቴምብር

የመታሰቢያ ቴምብር የፖስታ አገልግሎት ክፍያ ማረጋገጫ ነው። ከዚህም ባሻገር አንድ አገር ሊዘክረው የሚሻውን ሰውና ሥራ በዜጎች እጅ የሚያኖር ሰነድ ነው። የስፔናዊው ሠዓሊ የፍራንሲስኮ ጎያ ታሪክ ይህንን በጉልህ ያሳያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎያ ማርች 30 ቀን 1746 በሳራጎሳ አቅራቢያ በምትገኘው ፉዌንዴቶዶስ መንደር ተወለደ። አባቱ በወርቅ ቅብ ሥራ ይተዳደር ነበር። ጎያ ገና በለጋ ዕድሜው ሥዕል ተማረ፤ በ1775 ወደ ማድሪድ ተዛውሮ ለንጉሣዊው የግድግዳ ስጋጃ ፋብሪካ ንድፍ መሥራት ጀመረ። በ1789 የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሆኖ ተሾመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ብርቱ ሕመም የመስማት ችሎታውን አሳጣው።

ደንቆሮነቱ ከሥራው አላገደውም። በ1799 ካፕሪቾስ የተሰኙትን 80 የሕትመት ሥዕሎች ለሽያጭ አቀረበ፤ አጉል እምነትንና የባለሥልጣናትን ብልግና ስለሚነቅፉ ሽያጩ ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። በዚያው ዓመት ዋና የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሆነ። የናፖሊዮን ጦር በ1808 በማድሪድ ነዋሪዎች ላይ የፈጸመውን ግድያ የሚያሳየውን ታላቅ ሥዕሉን በ1814 ሠራ። በተከታዩ ዓመት፣ ኢንኩዊዚሽን የተባለው የሃይማኖት ፍርድ ቤት እርቃኗን የተጋደመች ሴት ስለሚያሳየው ሥዕሉ መልስ እንዲሰጥ ጠራው። ሥዕሉም ለረጅም ዘመን ከሕዝብ ዕይታ ተሰውሮ ቆየ።

ጎያ በ1824 አገሩን ለቆ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ ኤፕሪል 16 ቀን 1828 በ82 ዓመቱ በቦርዶ ከተማ አረፈ። አፅሙ ወደ ስፔን የተመለሰው በ1899 ነበር።

ስፔን ሠዓሊውን ለመዘከር በ1930 ተከታታይ ቴምብሮች አወጣች። በባለ 1፣ ባለ 4 እና ባለ 10 ፔሴታ ቴምብሮች ላይ የታተመው በፍርድ ቤት ያስጠራው ያው ሥዕል ነበር። በአየር መልእክት ቴምብሮች ላይ ደግሞ በምናቡ የፈጠራቸው በራሪ ፍጡራን ታተሙ። እርምጃው ብርቱ ተቃውሞ ማስነሣቱ አልቀረም፤ ሆኖም ሥልጣን የሰወረው ሥራ የመንግሥት ማኅተም አርፎበት በየደብዳቤው ላይ ተጓዘ።

ስለዚህ ክቡራን ተገልጋዮች ቴምብር ስትገዙ ምስሉን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በላዩ የሰፈረው ሰው በሕይወት ሳለ ያላገኘው ክብር ሊሆን ይችላል።