ጄምስ ብሬይድዉድ፦ እሳት አጥፊዎችን አሠልጥኖ በእሳት ፊት የወደቀው ሰው

እ.አ.አ በ1824 የኤድንብራ ከተማ የእሳት ማጥፊያ ፓምፖቿን ለአንድ የ24 ዓመት ወጣት አስረከበች። ጄምስ ብሬይድዉድ ወታደር አልነበረም፤ ሹመትም ከዚያ በፊት አልያዘም። የሚያውቀው ቤትን ነበር። አባቱ የቤት ዕቃ ሠሪ ነበሩ፤ እርሱም በግንባታ ሙያ ሠልጥኗል። ግድግዳ በምን እንደሚቆም፣ ወለል በየትኛው ወራጅ ላይ እንደሚያርፍ፣ ጣሪያ ሲቃጠል ከየት በኩል እንደሚወርድ የሚገምት ዐይን ነበረው። ከተማዋ በዚያ ዓመት ያቋቋመችው ክፍል በብሪታንያ በከተማ አስተዳደር ሥር የተደራጀ የመጀመሪያው የእሳት አደጋ ቡድን ነው።

ፈተናው ግን ዝግጅቱን አልጠበቀም። ብሬይድዉድ ከተሾመ ጥቂት ሳምንታት ብቻ እንዳለፉ፣ ኅዳር ወር አጋማሽ ላይ፣ በአሮጌዋ ከተማ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የኅትመት ሥራ ቤት እሳት ተነሣ። የኤድንብራ ቤቶች በዚያ ዘመን አንዱ በሌላው ላይ የተደራረቡ፣ ብዙ ቤተሰብ በአንድ ደረጃ የሚወጣባቸውና የሚወርድባቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ነበሩ። እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። በማግስቱም የትሮን ቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ ማማ ተያይዞ ወደቀ። ቃጠሎው ለቀናት ሲቆይ ከ400 በላይ ቤተሰቦች ቤት አልባ ሆኑ፤ ሰዎችም ሞቱ፤ ከሟቾቹ መካከል እሳት አጥፊዎች ነበሩበት።

ከተማው ተጠያቂ መፈለጉ አልቀረም፤ ጣትም በወጣቱ አለቃ ላይ ተቀሰረ። ምርመራው ያሳየው ግን ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ሌሊት ከንቲባው፣ ዳኞቹ፣ ወታደራዊ አዛዦቹና የመድን ኩባንያዎቹ ሰዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትእዛዝ ይሰጡ ነበር። አንዱ ፓምፑን ወደዚህ ሲል ሌላው ወደዚያ ይላል፤ የብሬይድዉድ ሰዎችም የማንን ቃል እንደሚሰሙ ግራ ገብቷቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በቃጠሎ ስፍራ ላይ የማዘዝ ሥልጣን የእሳት አደጋ አለቃው ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ዛሬ በየትኛውም ከተማ ከቃጠሎ ፊት አንድ አዛዥ መኖሩ ተራ ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን በሰው ሕይወት የተገዛ ትምህርት ነበር።

ብሬይድዉድ ፊቱን ወደ ሥልጠና መለሰ። ከቡድኑ አባላት ብዙዎቹ የዕለት ሥራቸውን ሳይተዉ ለእሳት የሚጠሩ ባለሙያዎች ነበሩ፦ ጣሪያ ሠሪዎች፣ አናጢዎች፣ ግንበኞች፣ የቧንቧ ሠራተኞችና ብረት ቀጥቃጮች። ጣሪያ ሠሪ ከፍታ አይፈራም፤ ግንበኛ የሚሰነጠቅ ግድግዳ ያውቃል፤ የቧንቧ ሠራተኛ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ይገባዋል። ዕድሜያቸው ለጋ የሆኑትን መረጠ፤ ልምምዱንም ጎሕ ሳይቀድ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት አደረገው። እሳት በአብዛኛው ሌሊት ይነሣል፤ ሰውም በጨለማ ቱቦ መቀጠልና መሰላል መውጣት ካልለመደ በጭስ ውስጥ ምንም ሊያደርግ አይችልም የሚል እምነት ነበረው።

በዚያ ዘመን የተለመደው ዘዴ ከመንገድ ላይ ሆኖ ውኃውን በመስኮት በኩል ወደ ውስጥ መወርወር ነበር። ውኃው ግን ግድግዳውንና ጭሱን እንጂ የእሳቱን ሥር አያገኘውም። ብሬይድዉድ ሰዎቹን ወደ ውስጥ እንዲገቡ አስተማረ፤ ዝቅ ብለው፣ መሬት ለመሬት እየተሳቡ፣ ንጹሕ አየር ከሚቀርበት ከወለሉ አጠገብ እየተነፈሱ። ወደ ውስጥ መግባት የሞት አደጋ ስላለው ደግሞ ሌላ ሕግ አከለበት፦ ማንም ሰው ብቻውን አይገባም። አንዱ በጭስ ቢታፈን ወይም ወለል ቢከዳው፣ የሚጎትተው ወይም እርዳታ የሚጠራለት ሁለተኛ ሰው ሊኖር ይገባል። የጥንድ ሥራ ዛሬም በብዙ አገሮች የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከሚማሯቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ነው።

ሌሎችን የሚያዝዘውን እርሱ ራሱ ያደርግ ነበር። በኤድንብራ አንድ የብረታ ብረት መሸጫ ሱቅ ሲቃጠል ውስጡ ባሩድ መኖሩ ተነገረው። ወደ ነበልባሉ ገብቶ በመጀመሪያ አንዱን በርሜል፣ ተመልሶም ሁለተኛውን ተሸክሞ አወጣ።

በ1830 ስለ እሳት ማጥፊያ ፓምፖች አሠራር፣ ስለ እሳት አጥፊዎች ሥልጠናና በቃጠሎ ጊዜ ስለሚወሰደው እርምጃ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በደረቅ ቋንቋ የተጻፈ የሥራ መመሪያ ነው፤ ምናልባትም ክብሩ እዚያ ላይ ነው። ከምክሮቹ አንዱ እሳት ሲታይ ከሁሉ አስቀድሞ በርና መስኮትን መዝጋት፣ ዘግቶም ማቆየት ነው፤ አየር ያላገኘ እሳት ቀስ ይላልና። ይህ ምክር ከተጻፈ ከ187 ዓመታት በኋላ፣ ሰኔ 2017፣ በለንደን ግሬንፌል ታወር 72 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከመካከላቸውም የኢትዮጵያና የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ፤ በይፋ የተካሄደው ምርመራ ጭሱ እንዲዛመት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በራሳቸው መዘጋት ሲገባቸው ያልተዘጉ በሮች እንደነበሩ አረጋግጧል።

መጽሐፉ ስሙን ወደ ለንደን አደረሰው። በለንደን እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ የመድን ኩባንያ የራሱ እሳት አጥፊዎች ነበሩት። ከእነርሱ አሥሩ ተባብረው አንድ ቡድን ሲያቋቁሙ ብሬይድዉድን አለቃ አደረጉት፤ ሥራውም በጥር 1833 ተጀመረ። 80 ያህል ሰዎች ነበሩት። በዚህ ጊዜ በአብዛኛው የመረጠው መርከበኞችን ነው፤ ገመድ መውጣት የለመዱ፣ ሌት ተቀን ለትእዛዝ የተዘጋጁ ነበሩና። ሕዝቡም በአለቃቸው ስም ጂሚ ብሬደርስ ብሎ ይጠራቸው ጀመር። ቡድኑ የመድን ኩባንያዎች ንብረት ስለነበረ ሕጋዊ ግዴታው መድን የተገባለትን ሀብት ማዳን ነበር። ለንደንን የሚያህል ከተማ ከእሳት የሚጠብቀው የግል ድርጅቶች በጎ ፈቃድ መሆኑ እንግዳ ነገር ነው፤ መንግሥት ግን ለረጅም ጊዜ በዚሁ ረክቶ ኖረ።

ጥቅምት 16 ቀን 1834 ምሽት የፓርላማው ሕንፃ ሲቃጠል ይኸው ጉድለት ፊት ለፊት ታየ። የእሳቱ መነሻ የጌቶች ምክር ቤት ሥር ባለው ምድጃ ውስጥ የተቃጠሉ የድሮ የሒሳብ መቁጠሪያ እንጨቶች ነበሩ። ሕንፃው መድን አልነበረውም፤ ስለዚህ ብሬይድዉድ የመምጣት ግዴታ አልነበረበትም። እርሱ ግን 12 ፓምፖችንና 64 ሰዎችን ይዞ ደረሰ። አብዛኛው ሕንፃ ከእጅ ቢወጣም፣ ጥረቱ በጥንታዊው የዌስትሚንስተር አዳራሽ ላይ እንዲያተኩር ተደረገ። ያ አዳራሽ የመካከለኛው ዘመን የእንጨት ጣሪያውን እንደተሸከመ ዛሬም ቆሟል።

ብሬይድዉድ በሁሉም ነገር ከዘመኑ የቀደመ ሰው አልነበረም። በእንፋሎት የሚሠራ ፓምፕ በለንደን ገና በ1830 አካባቢ ተሠርቶ ሳለ፣ እርሱ ለረጅም ዓመታት በሰው ክንድ ከሚገፋው ፓምፕ አልተለየም። አዲሱ መሣሪያ ለከተማዋ መንገድ ይከብዳል፤ ከዚያም በላይ ኃይለኛው ውኃ ሰዎቹን ከሩቅ መርጨት ያስለምድና ወደ እሳቱ ሥር መግባትን ያስረሳቸዋል ብሎ ይሰጋ ነበር። ስጋቱ ከአስተምህሮው የመነጨ ቢሆንም፣ ለንደን ለዓመታት የሚያስፈልጋትን አቅም አሳጥቷታል። በየብስ የሚሄድ የእንፋሎት ፓምፕ ቡድኑ የተከራየው በ1860፣ እርሱ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ነው።

የቴምዝ ወንዝ ዳር መጋዘኖችን በተመለከተ ግን ያየው እውነት ነበር። ወለል በወለል ላይ እየተደራረቡ፣ ሸቀጥ እስከ ጣሪያቸው እየሞሉ የሚሠሩት እነዚህ ሕንፃዎች አንድ ጊዜ ከተያያዙ በለንደን ያለ ኃይል ሁሉ ተሰብስቦ እንደማያጠፋቸው ከዓመታት አስቀድሞ ለባለሥልጣናት አስጠንቅቆ ነበር።

ቅዳሜ ሰኔ 22 ቀን 1861 ከሰዓት በኋላ፣ በቱሊ ጎዳና በሚገኘው ኮተንስ ዋርፍ በተባለው የወደብ መጋዘን እሳት ተነሣ። በውስጡ ቃጫ፣ ጥጥ፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ሩዝ፣ ሞራና ለባሩድ መሥሪያ የሚውል ጨው ታጭቆ ነበር። እሳትን ከክፍል ወደ ክፍል እንዳይሻገር የሚያግዱት የብረት በሮች ክፍት ተትተው ነበር። ውኃ ለማግኘት ጊዜ ወሰደ፤ ወንዙም ጎድሎ ስለነበር በጀልባ ላይ የተጫኑት ፓምፖች እንደሚፈለገው መቅረብ አልቻሉም። የቀለጠው ሞራ እየነደደ ወደ ቴምዝ ሲፈስ ውኃው ራሱ የተቃጠለ ይመስል ነበር። ሕዝቡ በለንደን ድልድይ ላይ ተጨናንቆ ይመለከት ነበር።

ብሬይድዉድ ሰዎቹ በሙቀቱ ሲዝሉ አይቶ፣ ኃይላቸውን የሚያድስ ጥቂት መጠጥ እንዲታደላቸው እያደረገ በመካከላቸው ይዘዋወር ነበር። እጁ ለቆሰለ አንድ እሳት አጥፊ የአንገት መሐረቡን ፈትቶ እንዳሰረለት ይነገራል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የአንዱ መጋዘን ግድግዳ ወደ ፊት አዘነበለና ተደረመሰ። ብሬይድዉድና አጠገቡ የነበረ አንድ ሰው ከሥሩ ቀሩ። ግድግዳን እንደ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አሟሟቱ በግድግዳ ሆነ። ዕድሜው 60 ዓመት ነበር።

ሰዎቹ ሊያወጡት ቢሞክሩም ፍርስራሹና ሙቀቱ አላስጠጋቸውም፤ አስከሬኑ የተገኘው ከቀናት በኋላ ነው። ቃጠሎው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። ሰኔ 29 በተፈጸመው የቀብር ሥነ ሥርዓት ሰልፉ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ረዘመ፤ ሱቆች ተዘጉ፤ በከተማዋ የአብያተ ክርስቲያናት ደወሎች ተደወሉ። ለእሳት አጥፊ እንዲህ ያለ ክብር በለንደን ታይቶ አይታወቅም ነበር። ያረፈው በአብኒ ፓርክ መቃብር፣ እርሱው ባሳደገው የሚስቱ ልጅ አጠገብ ነው፤ እርሱም እሳት አጥፊ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በፊት በሥራ ላይ ሳለ ሞቷል። የብሬይድዉድ የደንብ ልብስ አዝራሮች ተፈትተው ለሰዎቹ መታሰቢያ እንዲሆኑ ታደሉ።

ጉዳቱ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ተገመተ። የመድን ኩባንያዎቹ ዋጋ ጨመሩ፤ ከተማዋን የመጠበቅ ሸክም ከዚህ በላይ እንደማይቀጥሉበትም ለመንግሥት አሳወቁ። ፓርላማው በ1865 ሕግ አወጣ፤ ከጥር 1866 ጀምሮም የለንደን እሳት አደጋ ቡድን በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር የሕዝብ አገልግሎት ሆነ። ሰውን ከእሳት ማውጣትም ከንብረቱ ጋር የቡድኑ የራሱ ኃላፊነት ሆነ። ብሬይድዉድን የተካው አለቃ ኤየር ማሴ ሾው የእንፋሎት ፓምፖችን በብዛት አስገባ።

በቱሊ ጎዳና አቅራቢያ፣ በባትል ብሪጅ ሌን ጥግ፣ የአሟሟቱ መታሰቢያ ጽሑፍ ከግድግዳ ላይ ይታያል። በኤድንብራ ደግሞ በ2008 ሐውልቱ ቆሞለታል፤ የቆመውም የ1824ቱ እሳት ባዳረሰው በፓርላማ አደባባይ ነው።